ፊት ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ሲወጣ፦ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ

ደሴ ውስጥ ጉንጩ የጠቆረ ሰው መዋቢያ መሸጫ ቢገባ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «ማዲያት ነው።» ሻጩ ገና ቀና ብሎ አላየም። ክሬሙ ግን መደርደሪያው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ፊት የሚያጠቁር ነገር ብዙ ነው። ማዲያት አንዱ ብቻ ነው። ብጉር ትቶት የሚሄደው አለ፣ ኪኒን የሚያመጣው አለ፣ «ያቀላል» የተባለው ክሬም ራሱ ያጠቆረው አለ። ለነጩም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ ከንፈሬ ጥግ ላይ የወጣች ክብ ጥቁር ምልክት ይዤ 8 ወር ሙሉ የማዲያት ክሬም ቀብቻለሁ። ማዲያት አልነበረችም። ምን እንደነበረች ደረጃ 5 ላይ እነግራችኋለሁ።

ይህን መመሪያ ስትጨርሱ ሐኪም አትሆኑም። ግን ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትናገሩ ታውቃላችሁ፣ መቼ መሮጥ መቼ ደግሞ መረጋጋት እንዳለባችሁም ትለያላችሁ።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት፦ ትንሽ መስታወት፣ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ደብተር፣ ንጹህ ጥጥ፣ ጠርዙ ያልተሰነጠቀ ወፍራም ብርጭቆ፣ አንድ ሳንቲም። የሚያግዛችሁ ሰውም ያስፈልጋል። ብቻችሁን የማይሠራ ደረጃ አለ።

1. ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። አትፈትጉ። ሜካፕ፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን ሁሉ ይልቀቅ።
2. ከታጠባችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ውሃና ፎጣ የነካው ፊት ቀልቶ ያታልላል።
3. መስኮት ወይም በር አጠገብ ተቀመጡ። ፊታችሁ ወደ ብርሃኑ ይዙር፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በዋለ ቀን ብርሃኑ ይደበዝዛልና ለነገ አሳድሩት።
4. አምፖል አትጠቀሙ። ቢጫ አምፖል ሥር ጥቁሩ ቡናማ፣ ነጩ ቢጫ ይመስላል።

ክሬም እየቀባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ቱቦውን ወይም ብልቃጡን አውጡና የተጻፈውን አንብቡ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ለሳምንታት ከቀባችሁት በኋላ ድንገት ብታቆሙት ፊት ሊቃጠል፣ ሊቀላና በሽፍታ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ አጠቃቀሙን ሳትጨምሩ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እንዴት እንደሚቆም የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ካለ ግን ዛሬውኑ አቁሙ። ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፣ ለጎረቤት አትስጡ። ምንም ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ከሆነ ያው የባሰ ነው። ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም፣ ብልቃጡን ግን አትጣሉት።

ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን ደግሞ በራሳችሁ አታቁሙ። ስሙን ብቻ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ፎቶ አንሱ

ሦስት ፎቶ ይበቃል። ፊት ለፊት፣ ቀኝ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ። ከዚያ ምልክቱን ብቻ ቀረብ ብላችሁ አንሱ፣ ሳንቲሙን ከጎኑ ይዛችሁ። ሳንቲሙ መጠኑን ያሳያል። ከወር በኋላ «ሰፋ ወይስ ጠበበ» ብላችሁ ከመከራከር ያድናችኋል።

ፍላሽ አጥፉ። ስልካችሁ ፊት የሚያለሰልስ ማሳመሪያ ካለው እሱንም አጥፉ። አንዳንድ ስልክ ሳትነግሩት ይቀባባችኋል።

ፎቶው ከመስታወቱ የተለየ ከወጣ ብርሃኑን ቀይሩ እንጂ ፎቶውን አታስተካክሉ።

ደረጃ 2፦ ቀለሙን ለዩ

ደብተሩ ላይ ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ግራጫ፣ ቀይ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ወተት የመሰለ ነጭ።

በደብዛዛውና በነጩ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ደብዛዛ ማለት ቀለሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም ማለት ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ግን ቀለሙ ጨርሶ የለም ማለት ነው። ካልለየላችሁ ነጭ ወረቀት ከጎኑ ያዙና አወዳድሩ።

ቅላት ጥቁር ሰው ፊት ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም። ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቡናማ ይመስላል። እዚህ ላይ ብርጭቆው ይጠቅማል። የብርጭቆውን ጎን ምልክቱ ላይ በቀስታ ጫን አድርጋችሁ በውስጡ ተመልከቱ። ሲጫን የሚደበዝዝ ከሆነ ከደም ሥር የመጣ ነው፣ ያ ቦታ ተቆጥቷል። ሳይለወጥ ከቀረ ብዙ ጊዜ የቆዳው ቀለም ነው። በጣም ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ፈተና ላይለይ ይችላል። ያን ጊዜ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላው ጉንጭ ጋር አነጻጽሩ።

ደረጃ 3፦ ቦታውንና ጠርዙን ሳሉ

ደብተሩ ላይ ክብ ሳሉ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ ጨምሩበት። ምልክቱን በቦታው አጥቁሩ። ሥዕል አልችልም አትበሉ፣ ለኤግዚቢሽን አይደለም። ከዚያ ሦስት ጥያቄ መልሱ።

1. በሁለቱም ጉንጭ ነው ወይስ በአንድ በኩል?
2. ጠርዙ በእርሳስ እንደተሰመረ ጎልቶ ይታያል ወይስ ቀስ እያለ ይጠፋል?
3. የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ሥር፣ አገጭ ሥር ያለው ጥላ ቦታ ነጻ ነው? ነጻ ከሆነ ፀሐይ እጇ አለበት።

ደረጃ 4፦ ዳስሱ፣ በጥጥም ፈትኑ

መጀመሪያ በጣት። ሻካራ ነው? ከቆዳው ከፍ ብሏል? ቆዳው ሳስቶ ይጨማደዳል? በጥፍር ጀርባ ፈቀቅ ስታደርጉት እንደ ዱቄት የሚረግፍ ቅርፊት አለው? ቅርፊት ካለው ቋቁቻ ወይም ችፌ ሊሆን ይችላል። ማዲያት አይረግፍም።

ምልክቱ ደብዛዛ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ የጥጡን ፈተና ሥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

1. ጥጡን ጠምዝዛችሁ ጫፉን እንደ ክር አቅጥኑ።
2. የሚፈተነው ሰው ዓይኑን ገልጦ ሳለ ጤነኛ ቦታ ላይ ነክታችሁ አሳዩት። «እንዲህ ሲነካህ በጣትህ አሳይ» በሉት።
3. ዓይኑን ይጨፍን። ጤነኛውንና የታመመውን እያቀያየራችሁ ንኩ። ንኩ እንጂ አትጎትቱ። ሲጎተት ጤነኛው ቆዳ ሊሰማው ይችላል።
4. አልፎ አልፎ ሳትነኩ «አሁንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ካለ እየገመተ ነውና እንደገና ጀምሩ።
5. መርፌ አትጠቀሙ።

ብቻችሁን ራሳችሁን አትፈትኑ። እጃችሁ የት እንደነካ አእምሯችሁ ያውቃል። ሕፃን ካለቀሰ ተዉት፣ ሲተኛ አይሠራም፣ ሲጫወት ሞክሩ።

የታመመው ቦታ ላይ ደጋግሞ ከሳተ ሥጋ ደዌ መሆኑን የሚያጣራ ሐኪም ያስፈልጋል፣ በዚያው ሳምንት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፊት ነርቭ የበዛበት ቦታ ስለሆነ ሥጋ ደዌም ኖሮ ስሜቱ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ተሰማኝ» ማለት «ነጻ ነኝ» ማለት አይደለም። የጆሮ ጫፍ ወፍሯል? የቅንድብ ጠርዝ ሳስቷል? እጅ ወይም እግር ይደነዝዛል? እነዚህንም እዩ። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፣ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ በነጻ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ግን የተጎዳ ነርቭ አይመለስለትም።

ደረጃ 5፦ መቼ ጀመረ? ያኔ ምን ነበር?

ከስድስቱ ደረጃዎች አንዱን ብቻ የመሥራት ጊዜ ካላችሁ ይህን ሥሩ። ደብተሩ ላይ የጀመረበትን ወር ጻፉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት ወር አስሉ።

እርግዝና ነበር? የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ወይም መርፌ? ቦታው ላይ ብጉር፣ ቁስል፣ ቃጠሎ? አዲስ ሽቶ፣ ሳሙና፣ የፀጉር ቀለም? ሎሚ ወይም ጤና አዳም ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ነበር? ሁለቱም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው ያቃጥላሉ፣ ጥቁር ምልክት ትተው ይሄዳሉ። መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዳችሁ ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ታማችሁ ነበር? ከዳኑ ከወራት በኋላ አፍ ዙሪያ ደብዛዛ ነጠብጣብ ወይም ትንንሽ እብጠት ሊወጣ ይችላል። ይህን ሐኪሙ ካልተነገረው ላይጠረጥር ይችላል።

ከዚያ ኪኒኖቹን ጻፉ። ሁሉንም። «እሱማ ለሆዴ ነው» ብላችሁ አትተዉ።

የኔዋን ልንገራችሁ። ሐኪሟ ከንፈሬን አየት አደረገችና «ሲያሳክክሽ ትዝ ይልሻል?» አለችኝ። አዎ፣ አልፎ አልፎ ያሳክከኛል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። «ያኔ ምን ወስደሽ ነበር?» ዝም አልኩ። ሆዴን ባመመኝ ቁጥር ባክትሪም የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ እውጣለሁ። በወሰድኩ ቁጥር ያችው ቦታ፣ ያችው ክብ ትነሳለች። አንድ መድኃኒት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው፣ ከንፈር ደግሞ ይወድዳል። 8 ወር ክሬም ስቀባ ምክንያቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ኪኒኑን ተውኩ፣ አዲስ አልወጣም። አሮጌው ጥቁረት ለመደብዘዝ ግን ከዓመት በላይ ፈጀ።

ደረጃ 6፦ ከፊት ወደ ታች ውረዱ

የፊቱ ምልክት አንዳንዴ የሌላ በሽታ ጅራት ነው። መስታወት ይዛችሁ እነዚህን እዩ።

የአንገት ጀርባና ብብት። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ከሆነ ስኳር ይለካ። ታጥቦ የሚለቅ ቆሻሻ አይደለም፣ ልጁን በድንጋይ አትፈትጉት።

የመዳፍ መስመሮችና ድድ። ድሮም ጥቁር ከነበረ ችግር የለውም፣ የብዙዎቻችን ነው። የእናቶቻችን የድድ ንቅሳትም አይቆጠርም። አሳሳቢው ሰውነት በአጠቃላይ በቅርቡ ጠቁሮ፣ ክብደት ቀንሶ፣ ድካምና ጨው ማማር ሲጨመርበት ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው እንዲህ ይሆናል። ይህ የክሬም ጉዳይ አይደለም፣ የደም ምርመራ ነው።

አንገት ዙሪያ እንደ ሐብል፣ እጅ ጀርባ ላይ እንደ ጓንት የጠቆረና የሻከረ፣ ተቅማጥም ያለበት ሰው የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። በተለይ በቆሎ ብቻ በሚበላ ቤት።

አሁን ደብተሩን አንብቡ

ማዲያት የሚመስለው። በሁለቱም ጉንጭ፣ ግንባር፣ የላይኛው ከንፈር ላይ፣ ቡናማ፣ ልስልስ፣ የማያሳክክ፣ ጥላ ቦታን የሚተው። ከእርግዝና ወይም ከመቆጣጠሪያ ጋር የጀመረ። እርጉዝ ከሆንሽ አብሽሪ፣ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይደበዝዛል። በእርግዝና ጊዜ ሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያቀላ ንጥረ ነገር) ወይም ሬቲኖይድ (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ መድኃኒት) ያለበት ክሬም አትንኪ። የደሴ ሰው ፀሐይን ይንቃል፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ። ከተማዋ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድና ጉም አይከልሉትም። ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ። ቀለም ያለው መከላከያ ለማዲያት ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል። ምጣድ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ የእሳቱ ሙቀት ሊያባብስበት ይችላል።

የብጉር ወይም የቁስል ትራፊ። ብጉሩ በነበረበት ልክ፣ የተበታተነ ነጠብጣብ። ጊዜ ይፈልጋል። ብጉሩ ሳይቆም ጥቁሩን ማከም በሚያፈስ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው።

የክሬም ፊት። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች ላይ ብዙ ጊዜ አያለሁ፣ እዚሁ የገዙትም አሉ። የአንዲት ዘመዴን ፊት በመስኮት ብርሃን ሳየው ጉንጮቿ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስተዋል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ አገጯ ላይ ፀጉር በቅሏል። ጆሮዋና አንገቷ የድሮ መልኳን ይዘዋል። ጆሮን ከጉንጭ ጋር ማወዳደር ለዚህ ጥሩ መለያ ነው። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት የቀባ ሰው ደግሞ ጉንጩ ላይ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁረት ሊወጣበት ይችላል። ያን ጊዜ ሰው «መድኃኒቱ አነሰ» ብሎ ይጨምራል። ተቃራኒው ነው፣ መቆም አለበት።

የልጆች ጉንጭ ላይ ያለው ደብዛዛ። ሰፈር ውስጥ ቋቁቻ ይባላል፣ ቫይታሚን አነሰው ይባላል፣ ትል ነው ይባላል። ጠርዙ የማይለይ፣ ትንሽ ደረቅ፣ ስሜቱ ያልጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀላል የቆዳ ድርቀትና ቁጣ ነው። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ነፋስ ያጎላዋል። ቫዝሊን ቀቡት፣ ወራት ይፈጃል፣ ይጠፋል። የፈንገስ ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ቅርፊቱ በላብራቶሪ ይታይ።

ወተት የመሰለ ነጭ። ጠርዙ የተሰመረ፣ ስሜቱ ያለ፣ ዓይንና አፍ ዙሪያ የሚጀምር፣ አንዳንዴ ቅንድብንም የሚያነጣ ከሆነ ለምጽ ሊሆን ይችላል። አይተላለፍም። የመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሥጋ ደዌንም ለምጽ ስለሚል ቃሉ ሰው ያስደነግጣል። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ቶሎ ሲጀመር ሕክምናው የተሻለ ይሠራል።

ጉንጭ ላይ የበዙ፣ ከፍ ያሉ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች በቤተሰብ የሚወረሱና የማይጎዱ ናቸው። በፀጉር አታስሯቸው።

የማይጠበቅባቸው

በዚያው ሳምንት ሂዱ፦

1. አንድ ጥቁር ምልክት ብቻውን እየሰፋ፣ ግማሹ ከግማሹ ሳይመሳሰል፣ ጠርዙ ተሰብሮ፣ ቀለሙ ተዘበራርቆ፣ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ።
2. ከ4 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም እብጠት ካለ። በደጋ አካባቢ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቁንጭር የተለመደ ነው። በጋለ ብረት አታስተኩሱት።
3. ፀሐይ ሲነካው የሚብስ፣ ቅርፊት ያለው፣ መሐሉ ነጥቶ ጠባሳ የሚሆን፣ መገጣጠሚያ ሕመምም ያለበት ከሆነ።
4. ስሜት ከጠፋ።

አዲስ ኪኒን ከጀመራችሁ በኋላ ሽፍታው ከተስፋፋ፣ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቆዳ ከተላጠ ግን ሳምንት የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ

ፊታችሁን ሳትቀቡ ሂዱ። ደብተሩን፣ ፎቶዎቹን፣ የክሬሙን ቱቦና የኪኒኑን ልጣጭ በአንድ ፌስታል ያዙ። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ነው። ከዚያ ያለፈ ካስፈለገ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ።

ሐኪሙ በጨለማ ክፍል ሰማያዊ መብራት ሊያበራባችሁ፣ ቅርፊት ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊያይ፣ ከጆሮ ጫፍ ናሙና ሊወስድ፣ አንዳንዴም ትንሽ ቆዳ ሊቆርጥ ይችላል። «ፊቴን ይቆርጡኛል» ብላችሁ አትሽሹ። የሚወሰደው ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም።

አይቶ ሳይነካ፣ ሳይጠይቅ ክሬም ከጻፈላችሁ ደብተሩን ዘርግታችሁ «ይህንንም ይዩልኝ» በሉ። ስትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የበሽታው ስም ማን ነው? ክሬሙ ስንት ሳምንት ይቀባል? መቼ ይቆማል? ሦስተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፣ የክሬም ፊትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቀጠሯችሁ እስኪደርስ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረኪና ፊት ላይ አይድረስ። ሕክምና ከጀመራችሁ በኋላም በየቀኑ መስታወት አትዩ፣ ተስፋ ያስቆርጣል። በ8ኛው ሳምንት፣ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ሦስቱን ፎቶ ድገሙ። ሳንቲሟንም አትርሱ።